87 ወይስ 93? ከልጄ ጋር በነዳጅ ማደያው

የዚህ ሳምንት ጨዋታችን ስለ ቤንዚን ነው። "ደግሞ ስለ ቤንዚን ምን የሚወራ አለ?" እንዳትሉ። እኔም ልጄ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጥያቄ እስክትጠይቀኝ ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

የምንኖረው ኢስትሙር ነው። ከኮሎምበስ መሀል ከተማ ተነሥታችሁ በኢስት ብሮድ ስትሪት ወደ ምሥራቅ ብትነዱ፣ ቤክስሊን አልፋችሁ ዋይትሆል ከመድረሳችሁ በፊት ሰፈራችንን ታገኙታላችሁ። ልጄ 19 ዓመቷ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ወር አልሞላትም። ለስድስት ዓመት የነዳኋትን ቶዮታ ኮሮላ ለእሷ ሰጠኋት። በዚያ ቅዳሜም ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ ራሷ እንድትቀዳ ወደ ማደያ ይዣት ሄድኩ። ማደያ ማለት ነዳጅ የሚሸጥበት ቦታ ነው።

ካርዷን አስገባች። ማሽኑ ላይ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ 87፣ 89 እና 93።

"አባዬ፣ የትኛውን ልጫን?" አለችኝ።

"93ቱን።"

"ለምን?"

"ጥሩው እሱ ነዋ!"

"ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው?"

ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ቁልፍ ስጫን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እሷም መልሴን አልጠበቀችም። ከፊት ወንበር ፊት ለፊት ካለው ሳጥን የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ አወጣች። እኔ አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም። ገጹን ፈልጋ አነበበችና ቀና አለች።

"አባዬ፣ 87 ይበቃል ይላል እኮ።"

"እሱ ዝቅተኛውን ነው የሚናገረው። መኪናውን የሚወድ ሰው ጥሩውን ነው የሚያጠጣው" አልኳት።

"መኪናው እንደምትወደው በምን ያውቃል?" ብላ ሳቀች። ከዚያ 87ን ተጫነች።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ቤት ከገባን በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። መጽሐፉን ራሴ አነበብኩ፤ መካኒክ የሆነ ወዳጄንም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን ዛሬ ላካፍላችሁ።

አባቴና ላዳው

መጀመሪያ ለምን 93 እንደምቀዳ ልንገራችሁ። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ የላዳ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ያቺን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ በፎቶ ሳታዩ አትቀሩም። አባቴ ሞተሯን በጆሮው ነበር የሚያውቃት። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጣት ብረት ለብረት እንደሚጋጭ ያለ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ከሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። "ዛሬ ላምባ ቀላቅለውብኛል!" ይላል።

ላምባ ለምድጃና ለፋኖስ የሚያገለግል ነዳጅ ነው። ያኔ ከቤንዚን ይረክስ ስለነበር፣ አንዳንድ አጭበርባሪ ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ይሸጠዋል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። የአባቴ ስጋት ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ላምባ የገባበት ቤንዚን ሞተርን በእርግጥ ያንኳኳል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ "ርካሽ ነዳጅ ሞተር ይገድላል" የሚል ትምህርት ይዤ አደግሁ።

አሜሪካ መጥቼ ሦስት ቁልፎች ሳይ፣ ርካሹ 87 ላምባ የገባበት፣ ውዱ 93 ደግሞ ንጹሁ መሰለኝ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። 87 የተበረዘ 93 አይደለም። ሁለቱም ንጹሕ ቤንዚን ናቸው። ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ንጽሕናም ስለ ጉልበትም ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ነው።

ሁለት ዘነዘና፣ አንድ ሙቀጫ

ኦክቴን ምን እንደሆነ ለመረዳት ሞተሩ ውስጥ ለአንድ አፍታ እንግባ። በሞተሩ ውስጥ ሲሊንደር የሚባሉ ክብ ጉድጓዶች አሉ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። መጀመሪያ አየርና ቤንዚን ይገባሉ። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ይጨምቃቸዋል። ከዚያ ካንዴላው እሳት ይጭራል። ነዳጁ ይነድና ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። መኪናው የሚሄደው በዚህ ግፊት ነው። ካንዴላ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። አባቶቻችን የመኪና ዕቃዎችን የሚጠሩባቸው ብዙ ስሞች ከዚያው የመጡ ናቸው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው፣ ፓምፑ እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። በሞተሩ ውስጥም እንዲሁ ነው። ካንዴላው እሳት ከጫረ በኋላ እሳቱ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጥግ በሥርዓት መጓዝ አለበት። ሙቀቱና ግፊቱ ከበዛ ግን፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ነዳጅ መታገሥ ያቅተውና በራሱ ይፈነዳል። አባቴ የሚሰማው "ቀጭ ቀጭ" ይህ ነው። በአማርኛ "ሞተሩ ያንኳኳል" እንላለን።

እናቴ ከጎረቤቷ ጋር በርበሬ ስትወቅጥ ትዝ ይለኛል። ሁለቱም በየእጃቸው ዘነዘና ይዘው በአንድ ሙቀጫ ውስጥ በየተራ ይወቅጣሉ። አንዷ ስታወርድ ሌላዋ ታነሣለች። ሥራው የሚያምረው ሁለቱም ተራቸውን ሲጠብቁ ነው። አንዷ ከቸኮለች ግን ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፤ ድምፁ ይረብሻል፤ እጅ ያማል፤ ዘነዘናውም ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚያንኳኳ ሞተርም እንደዚሁ ነው። ለረጅም ጊዜ በኃይል ካንኳኳ ፒስተኑን ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ ኦክቴን የነዳጁ የትዕግሥት መለኪያ ነው ማለት ይቻላል። 93 ከ87 ይበልጥ ይታገሣል፤ ብዙ ቢጨመቅም በራሱ አይፈነዳም። ትዕግሥት ግን ጉልበት አይደለም። አንድ ጋሎን 93 ከአንድ ጋሎን 87 የበለጠ ጉልበት የለውም። ሞተሩ ነዳጁን አጥብቆ የማይጨምቅ ከሆነ፣ ተጨማሪው ትዕግሥት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የእኔ ኮሮላ ለስድስት ዓመት ያልጠየቀችኝን ስሰጣት ኖሬአለሁ።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1926 ግራሃም ኤድጋር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሁለት ፈሳሾችን መለኪያ እንዲሆኑ አቀረበ። አንዱ ኢሶኦክቴን ነው፤ በጣም ታጋሽ ስለሆነ 100 ተሰጠው። ሌላው ሄፕቴን ነው፤ ቶሎ ስለሚያንኳኳ 0 ተሰጠው። ቤንዚን 87 ነው ስንል፣ በመፈተኛው ሞተር ውስጥ 87 እጅ ኢሶኦክቴንና 13 እጅ ሄፕቴን እንደተቀላቀለበት ፈሳሽ ይታገሣል ማለታችን ነው።

ፈተናው በሁለት ዓይነት መንገድ ይካሄዳል። አንዱ ቀለል ይላል፤ ሌላው ጠበቅ ይላል። በአሜሪካ ማደያዎች በቢጫ ወረቀት ላይ የምታዩት ቁጥር የሁለቱ አማካይ ነው። በአውሮፓና በብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን የሚጻፈው የቀላሉ ፈተና ውጤት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ 95 የተባለው ቤንዚን እዚህ 91 ገደማ ነው። ለዕረፍት ስትሄዱ ማደያ ላይ 95 ብታዩ "እነሱ ከእኛ የተሻለ ነው የሚቀዱት" ብላችሁ አትደነቁ። መለኪያው ነው የተለየው።

የኦክቴን ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው ደግሞ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ከኮሎምበስ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ከምናምን ብትነዱ ዴይተን ትደርሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1921 ዴይተን በሚገኘው የጄኔራል ሞተርስ ምርምር ቤት ቶማስ ሚድግሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ቤንዚን ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ውሕድ ቢጨመር ሞተሩ ማንኳኳቱን እንደሚያቆም አገኙ። በ1923 ይኸው ቤንዚን ለመጀመሪያ ጊዜ በዴይተን ተሸጠ። ሞተሮች ጸጥ አሉ፤ መኪና ሠሪዎችም ተደሰቱ።

እርሳስ ግን መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በ1924 ውሕዱን በሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች ተመርዘው ሞቱ። ሚድግሊ ራሱም ታሞበት ነበር። ያም ሆኖ ዓለም ለአሥርት ዓመታት እርሳስ ያለበትን ጭስ ተነፈሰ። ሚድግሊ በ1944 ያረፈው ከኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ በወርዚንግተን ነው። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለመንገድ መኪኖች ፈጽማ የከለከለችው በ1996 ሲሆን፣ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 ነው። ማደያው ላይ "አንሌድድ" የሚለውን ቃል ስታዩ "እርሳስ የሌለበት" ማለት ነው። ያ ቃል እዚያ እስኪጻፍ ድረስ ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሏል።

ዛሬ ኦክቴን ከፍ ከሚደረግባቸው መንገዶች አንዱ ኤታኖል የሚባለው አልኮል ነው። በኦሃዮ ገጠር ስትነዱ ከምታዩት በቆሎ የሚሠራ ነው። እዚህ የምንቀዳው ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። በአገራችንም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ተሸጧል።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ?

መልሱ ከማደያው ሠራተኛም፣ ከጎረቤትም፣ ከአባትም አይገኝም። መልሱ በመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜም በነዳጅ መክደኛው ውስጠኛ በኩል ተጽፎ ይገኛል። ሦስት ነገሮች ልታነቡ ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ መጽሐፉ 87 ካለ 87 ቅዱ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ለሸማቾች የሚሰጠው ምክርም ይኸው ነው፤ መመሪያው ከሚለው በላይ መቅዳት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጥቅም የለውም። ትሪፕል ኤ የተባለው የመኪና ባለቤቶች ማኅበር በ2016 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካውያን ለማያስፈልገው መኪና ውዱን ቤንዚን በመቅዳት በአንድ ዓመት ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳባከኑ ገምቷል። እዚያ ውስጥ የእኔም ገንዘብ አለበት።

ሁለተኛ፣ "ሪኮሜንድድ" ካለ ይመከራል ማለት ነው። ሞተሩ በ93 ይበልጥ ይመቸዋል፤ በ87ም ይሠራል። አዳዲስ ሞተሮች ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር አላቸው። ልክ እንደ አባቴ ጆሮ ማለት ነው። ሴንሰሩ ሲሰማ ኮምፒውተሩ እሳቱን ትንሽ አዘግይቶ ይጭራል። ማንኳኳቱ ይቆማል፤ ጉልበቱ ግን በትንሹ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ምርጫው የእናንተ ነው።

ሦስተኛ፣ "ሪኳየርድ" ካለ ግዴታ ነው። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሉት ተርቦ ያላቸው ወይም ነዳጁን በጣም የሚጨምቁ ሞተሮች ናቸው። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

የ"ይመከራል"ንና የ"ግዴታ ነው"ን ልዩነት የእህቴ ልጅ በገንዘቡ ተማረው። ባለፈው ዓመት ያገለገለች ተርቦ መኪና በጥሩ ዋጋ ገዛ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ወራት ሙሉ 87 ቀዳላት። አንድ ቀን አብሬው ስሄድ፣ ወደ ፍሪዌይ ሲገባ ነዳጅ ሲሰጣት ያንን የልጅነቴን ድምፅ ሰማሁ። "አንተ፣ ይቺ መኪና ታንኳኳለች!" አልኩት። "ጋሼ፣ እሱ ሁልጊዜ ነው፤ የመኪናዋ ፀባይ ነው" አለኝ። መካኒኩ የነዳጅ መክደኛውን ከፈተና ጽሑፉን በጣቱ አሳየን፤ ግዴታ ይላል። ከዚያ እንዲህ አለው፤ "የኔ ወንድም፣ መኪናዋን ስትገዛ ዋጋዋ ረክሷል፤ የምትጠጣው ግን አልረከሰም።" ደግነቱ ሞተሩ ገና አልተጎዳም ነበር። ያገለገለ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የነዳጅ መክደኛዋን ከፍታችሁ አንብቡ። የወር ወጪያችሁ እዚያ ተጽፏል።

ጥቂት ነገሮች ልጨምር። በስህተት አንድ ጊዜ 87 ግዴታ ላለባት መኪና ብትቀዱ አትደንግጡ። በዝግታ ንዱ፤ ዳገት ላይ አታስጨንቋት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ትክክለኛውን ቅዱ። 88 የተባለ ርካሽ ቤንዚን ካያችሁ 15 በመቶ ኤታኖል ያለበት ነው። ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ መኪኖች ተፈቅዷል፤ ለሞተር ሳይክልና ለሣር ማጨጃ ግን አይሆንም። 85 የሚል ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። "ኢ 85" ከተባለ አብዛኛው ኤታኖል ነውና ለእሱ ለተሠሩ መኪኖች ብቻ ነው። እንደ ዴንቨር ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ግን ኦክቴኑ 85 የሆነ ተራ ቤንዚን ይሸጣል፤ እዚያም ቢሆን መጽሐፋችሁ 87 ካለ 87 ቅዱ።

ናፍጣን በቤንዚን መኪና ውስጥ ፈጽሞ አትቅዱ። የቱቦው ቀለም ከማደያ ማደያ ሊለያይ ስለሚችል ቀለሙን ሳይሆን ጽሑፉን እመኑ። ከተሳሳታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ እርዳታ ጥሩ።

"ታዲያ ሞተሬን ንጹሕ ለማድረግ ምን ላድርግ?" ለምትሉ፣ ሞተር የሚያጸዳው ኦክቴን ሳይሆን በቤንዚኑ ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ነው። ማጽጃ በሕግ በሁሉም ቤንዚን ውስጥ ይገባል። "ቶፕ ቲር" የሚል ምልክት ያለበት ማደያ ማጽጃውን ከሕጉ አብልጦ ይጨምራል፤ በ87ም ሆነ በ93። መኪና መውደድ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ይህ ነው። ዘይቱንም በጊዜው መቀየር ነው።

ሒሳቡ

እሑድ ማታ ከቡና በኋላ ልጄ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። "አባዬ፣ በሳምንት ስንት ጋሎን ነበር የምትቀዳው?" አለችኝ። "10 ያህል" አልኳት። በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለውን ልዩነት በአማካይ 80 ሳንቲም ብላ ያዘች። በሳምንት 8 ዶላር። በዓመት 416 ዶላር። በስድስት ዓመት 2,496 ዶላር።

ቁጥሩን አየሁት። ለእነዚያ ጋሎኖች ስል ስንት ቅዳሜ ተጨማሪ ሰዓት እንደሠራሁ አሰብኩ። ባለፈው መስከረም ለኮሌጅ መጻሕፍቷ ገንዘብ አጥሮኝ ከጓደኛዬ መበደሬም ትዝ አለኝ። እሷ ግን አልወቀሰችኝም። "የአያቴ ላዳ ታንኳኳ ስለነበር ነው አይደል?" አለችኝ። ስለ ላዳው የነገርኳት በዚያው ጠዋት ነበር።

"አዎ" አልኳት።

"እሱ ትክክል ነበር። አንተ ደግሞ እሱን አምነህ ነው።"

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ 8 ዶላሯን በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ባለ ባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ እናስቀምጣለን። በሚቀጥለው መስከረም ለመጻሕፍቷ ነው።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር ወደ መኪናችሁ ሂዱ። የነዳጅ መክደኛውን ክፈቱ፤ የተጻፈውን አንብባችሁ በአማርኛ አስረዷቸው። ነዳጅ፣ ማደያ፣ ካንዴላ፣ ማንኳኳት፣ መክደኛ የሚሉትን ቃላት ተጠቀሙ። ከዚያ እናንተ ጠይቋቸው፤ በልጅነታቸው የሚያውቁት መኪና ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው? ብዙ ትሰማላችሁ።

ሳምንት ያገናኘን።